ከሐጃ ደጅ የወረዱት ሳህኖች

መነሻ፣ ኮምቦልቻ

እኅቴ ሉባባ ከካርቱም ስትደውል ወሬዋ አጭር ነው። ደህና ናችሁ፣ ደህና ነኝ፣ እማዬን አቅርብልኝ። በዚያ ግንቦት ግን እኔኑ ፈልጋ ደወለች።

«እንድሪስ፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ ነገር ሳይሰበር ማውረድ ትችላለህ አይደል?»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ሳህን።»

ሳቄ መጣ። ሳህን ከመደርደሪያ እንጂ ከግድግዳ ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ግን አልሳቀችም። ሉባባ ከአሥር ዓመት በላይ የምትሠራው፣ ሰው ሁሉ «ሐጃ» ከሚላቸው የኑቢያ ተወላጅ አሮጊት ቤት ነው። ሁለቱ የሚኖሩት ባህሪ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ባለፈው ክረምት የጓሮው ክፍል ተደርምሷል። የሐጃ ልጅ ሙስጠፋ ካፉሪ በሚባል አዲስ ሰፈር ቪላ ሠርቶ ለእናቱም ለእኅቴም ክፍል አዘጋጅቷል። ሐጃ ግን ከበራቸው በላይ የተተከሉት ሳህኖች ሳይወርዱ ንቅንቅ አልልም ብለዋል። የሰፈሩ ግንበኞች አይተው «ይሰበራሉ» ብለው ሄደዋል። እኅቴ ደግሞ አሮጊቷን ጥላ የምትወጣ ሰው አይደለችም።

«ክረምቱ ሳይገባ ድረስልኝ። ዘንድሮ ይኼ ቤት ዝናብ የሚችል አይመስለኝም» አለችኝ።

በሙያዬ ጂፕሰም ሠሪ ነኝ። የሳሎን ኮርኒስ፣ የጠርዝ አበባ፣ አልፎ አልፎም ሚሕራብ፣ የመስጊዱን የኢማም መቆሚያ፣ እሠራለሁ። የሱዳንና የግብፅ ቤቶችን ጌጥ በስልኬ ሳይ የማመሽ ሰው ስለሆንኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኅቴ ብቻ ብዬ አልተነሳሁም። ዓይኔም መሄድ ፈልጎ ነበር። እናቴ በሶና በርበሬ ቋጠረችልኝ፤ እኔ መሮዬን፣ መዶሻዬንና ስሱን ቢላዬን በጨርቅ ጠቀለልኩ።

እስከ ገላባት

በወልድያ አድርጌ ጎንደር አደርኩ፤ በማግሥቱ የመተማን መኪና ያዝኩ። መንገዱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ጋቢና ሹራብ እየወለቀ፣ ሸህዲ ስንደርስ ሁላችንም በሸሚዝ ቀርተን ነበር። ምሳ የፍየል ጥብስ በላሁ። ሥጋው ጥሩ ነበር፤ የመጠጥ ውሃው ግን ሻይ ለመሆን የቀረው ቅጠልና ስኳር ብቻ ነው።

ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ገላባት ላይ አንድ ፖሊስ መሮና መዶሻዬን እያገላበጠ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። አረብኛዬ የቁርኣን ቤት አረብኛ ነው፤ አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ የጁምዓ ኹጥባ የማሰማ ይመስለዋል።

«ከአንዲት ሐጃ ግድግዳ ላይ ሳህን ላወርድ ነው» አልኩት።

ጓደኛውን ጠራ። «ያ ዙል፣ ና ስማ! ሐበሻው ሳህን ለማውረድ ነው የመጣው!» ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ሲበቃቸው ማኅተሙን መቱልኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃም አጠጡኝ።

ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም

የገዳሪፍ ጎጆዎች የኛው ጎጆዎች ናቸው፤ ክብ ግድግዳ፣ ሹል የሣር ክዳን። ወደ ሰሜን ምዕራብ በሄድን መጠን ሹሉ ክዳን እያነሰ፣ ከመድኒ ወዲያ ጣሪያው ሁሉ ጠፍጣፋ ሆነ። ቤቱ የመሬቱን ቀለም የያዘ ጭቃ ነው፤ የብረት በሩ ግን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ተቀብቶ በጨረቃና በኮከብ አጊጧል። ቤቱ የቱንም ያህል ቢጎሳቆል ደጁ ለሰላምታ የለበሰ ነው። በየመቃብር ቦታው መሐል የሼኾች ቁባ ይታያል፤ ጉልላቱ ነጭ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። እኛ ጋ ጉልላት የምሠራው በሻጋታ ነው። እነዚህን ያለ ሻጋታ፣ በዓይን ልክ ብቻ ያነሷቸው ሰዎች እጅ አስቀናኝ።

አጠገቤ የተቀመጡ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ አንገቴ ሲዞር አይተው ሳቁና የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። ለእረፍት ስንወርድ ፉል አዘዙ፤ ልከፍል ስል እጄን ያዙ። «እንግዳ ነህ፣ ኸላስ» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ ማለታቸው ነው። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተለያየን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርቱም መግቢያ፣ ሶባ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን። መናኸሪያው ስንደርስ ሉባባ በሱዳኖች ቶብ ተጠቅልላ ቆማለች። ባጠገቧ አልፌ ልሄድ ነበር። «አንተ! እኅትህን ረሳህ?» ስትል ድምፅዋን ለየሁና ሻንጣዬን ጥዬ አቀፍኳት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ በሚኒባስ፣ ቀጥሎ እነሱ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ባህሪ ሄድን።

የሐጃ ደጅ

ግድግዳው ጃሉስ የሚሉት ነው፤ ጡብ የለውም፣ ጭቃው በእጅ እየተደረበ፣ አንዱ እርከን ሲደርቅ ሌላው እየተጨመረበት የተሠራ። ከበሩ ግራና ቀኝ ከጭቃው የወጣ ጨረቃና የወንዝ አዞ አለ። በኖራ የነጣው ልስን ላይ በጣት የተሳቡ የሞገድ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ከበሩ በላይ አምስት የሸክላ ሳህኖች ጠርዛቸውን ጭቃው ነክሶላቸው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ አበባ። ጠጋ ብዬ ጣቴን በአንዱ መስመር ውስጥ አስገባሁ። ጠባብ ናት፤ የሴት ጣት ያረፈባት። ከሳህኖቹ ሥር አንድ ትልቅ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዶ በሩ ጋ ይደርሳል። ሙያዬ ደስ ሲለው እኔ ፈራሁ።

ሐጃ ግቢው ውስጥ፣ የኛን ጠፍር አልጋ በሚመስለው ዐንገሬብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቀጭን ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። የእናቴን ጤና፣ የከብቱን ጤና፣ የአገሩን ዝናብ ጠየቁኝ። ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ አጠጡኝ። ነገሩን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጅ ሆኜ በሰሜን፣ ሐልፋ ላይ ቤት ነበረን» አሉ፤ ሉባባ ፈጠን ሲሉ ትተረጉምልኛለች። «ግብፆች ግድብ ሠሩና ውሃው መጣ። መኪና መጥቷል፣ ያላ፣ ውጡ ተባልን። እናቴ ሳህኖቿን ከግድግዳው ልታወርድ ጊዜ አላገኘችም። ውሃው ቤቱን ከነሳህኖቹ ዋጠው። እዚህ ስንመጣ መጀመሪያ የገዛችው እነዚህን ነው። በእጇ ተከለቻቸው። እኔ ሁለት ጊዜ ሳህን ጥዬ አልወጣም።»

ልጃቸው ሙስጠፋ ማታ መጣ። ትልቅ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ደክሞታል። «ተሸክሜ ላወጣት አስቤ ነበር» አለኝ። ሐጃ ሰምተው «በእግሬ እመለሳለሁ» አሉ።

ሥራው

በማግሥቱ በጠዋት መሰላል ላይ ወጣሁ። ጂፕሰም ሠሪ መቼም ሁሉም ግድግዳ ጂፕሰም ይመስለዋል። ደረቅ ነገር በደረቁ ነው የሚፈለቀቀው ብዬ መሮዬን ከመጀመሪያው ሳህን ጠርዝ ሥር አስገባሁና በቀስታ መታሁ። ጭቃው ግን በስንት ዓመት ፀሐይ ድንጋይ ሆኗል። ሁለተኛውን ስመታ ሳህኑ «ቀጭ» አለና ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መሬት ወረደ።

ሉባባ አፏን በቶቧ ያዘች። እኔ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጃ ግን ተነሥተው መጡና ስብርባሪውን እያዩ «ኢንከሰር አሽ-ሸር» አሉ፤ ክፉው ተሰበረ ማለት ነው። «ሳህን ደጅ ላይ የሚተከለው የሰው ዓይን እሱ ላይ እንዲያርፍ ነው፣ ልጄ። ይኼኛው ሥራውን ጨርሷል። የቀሩትን ግን በራሓ፣ በራሓ፣ በቀስታ።» ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ዕቃዬን ሰብስቤ በወጣሁ።

ወረድኩ። ሉባባ ውሃ አቀበለችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ያው የኛ የቤት ጭቃ ነው፣ ጭድና እበት ያለበት። እማዬ ያረጀ ምርጊት ልታነሣ ስትል ምን ታደርግ ነበር?» አለች።

እርጥብ ጆንያ ነዋ! እናቴ ግድግዳ ስታድስ ማታ እርጥብ ጆንያ ትሰቅልበታለች፤ ጠዋት ምርጊቱ በእጅ ይነሣል። እኔ ግን መሮ መግዛት ከቻልኩ ጀምሮ ይኼን ረስቼ ኖሬአለሁ። እኅቴን ግንባሯን ሳምኳት።

ሙስጠፋ ሲሰማ ደነገጠ። «ያ እንድሪስ፣ ስንጥቁን አታየውም? ግድግዳው ከራሰ በላያችሁ ይወርዳል።» ልክ ነበር። እንጨት አስመጣንና በሩን ከሥር በሁለት ወፍራም ቋሚ ደገፍነው። ማንም ያለ ሥራ ከበሩ ሥር እንዳይቆም ተማማልን። ሐጃም ዐንገሬባቸውን በጓሮው ፍርስራሽ በኩል አስወጥተው መንገድ ማዶ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ እኔ ስሰቅል፣ ሉባባ በቆርቆሮ ውሃ ስታቀብል፣ ጆንያው ሲደርቅ እንደገና ስናርሰው ዋልን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዱ ፉል፣ አንዱ ዳቦ አመጣ፤ ሌላው መሰላሉን ያዘልኝ። ስሜን እንኳ በትክክል መጥራት ያቃታቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የደከሙልኝ።

ፀሐይዋ ስትበርድ በስሱ ቢላ ዙሪያውን ፈለፈልኩና ሁለተኛውን ሳህን ያዝኩ። ጭቃው እንደ አብሽ ሊጥ ለስልሶ ለቀቀው። እጄ ላይ ወደቀ፣ ሙሉውን! መንገዱ ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ሦስተኛውና አራተኛው ተከተሉ። የመጨረሻውን ሳነሣ ከላይ አንድ የጭቃ ቁራጭ ተነጥሎ ትከሻዬን መታኝ፤ ቋሚው ጮኸ። ሙስጠፋ በሸሚዜ ጎትቶ አወረደኝ። ሳህኑ ደረቴ ላይ ነበር፣ ደህና።

ሐጃ አራቱን በቶባቸው ጫፍ ጠረጓቸው። የተሰበረውን ስብርባሪ ለቅመው በበሩ ደፍ ላይ ቀበሩትና «ክፉው እዚሁ ይቅር» አሉ። ከዚያ ማንም እጃቸውን ሳይዝ ራሳቸው መኪናው ጋ ሄዱ። «ኸላስ። ያላ።»

ካፉሪ

ቪላው ሴራሚክና መስታወት ነው። ሙስጠፋ ሳህኖቹን ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሳጥን ሊያስቀምጥ አስቦ ነበር። ሐጃ ሳቁ። «ሳህን ደጅ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂ ሳሎን አይቀመጥም።» እኔም ትልቁን በር ለካሁና ጂፕሰም ማቡካት ጀመርኩ።

«እዚያ አይደለም» አሉኝ። በጓሮ በኩል ወሰዱኝና ለእኅቴ የተሰጠችውን ክፍል በር አሳዩኝ። «እዚህ። ይኼ ደጅ ደህና ከሆነ እኔም ደህና ነኝ።»

ሉባባ «ላ ያ ሐጃ፣ ላ» እያለች ልትከለክል ሞከረች። ሙስጠፋ እናቱን አይቶ፣ እኅቴን አይቶ፣ «ሐጃ ካለች አለቀ» አለና መሰላሉን ራሱ አመጣልኝ። አራቱን በጂፕሰም ተከልኳቸው። ዙሪያቸውን በሻጋታ ሳይሆን በጣቴ ሞገድ ሳብኩበት። ትንሽ ጠመም ብሏል። ከሠራሁት ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ኮምቦልቻ

ስመለስ ሻንጣዬ ተምርና ለእናቴ የተላከ ቶብ ይዟል። ከጉዞው ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ጌጥ ደጅ ላይ የሚሰፍረው ለማን ተብሎ እንደሆነ ተማርኩ እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ለደንበኛው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሥራ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው በዚያ በር ማን እንደሚገባ ነው።

ዝናቡ የኛንም አገር ሲይዝ ሉባባ ደወለች፤ ሐጃ እናቴን ማነጋገር ፈልገዋል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን መሐላችን አስቀመጥነው።

«ልጄን እንደ ልጅ ስላኖሩልኝ አላህ ይስጥልኝ በያቸው» አለች እናቴ። ሉባባ «እማዬ ሰላም ብላዎታለች» ብላ በአረብኛ አሳጠረችው። ሐጃ መለሱ፤ ረጅም ነበር። ሉባባ «ደህና ነን፣ አታስቡ፣ ይላሉ» አለች።

እኔ ግን የቁርኣን ቤት አረብኛዬ ለዚህ አላነሰኝም። «እማ፣ እንደሱ አላሉም» አልኩ። «አሮጌው ቤት በዚህ ሳምንት ዝናብ ወደቀ ነው ያሉት። እተኛበት የነበረው ክፍል አፈር ሆነ አሉ። ሳህኖቹን ያወረደው ወንድ ልጅሽ ነው፤ እኔን ከሥሩ ያወጣችኝ ግን የደወለችለት ልጅሽ ናት። የወለድኩት ልጅ ሲደክመው ያልደከማት እሷ ናት፤ እንዲህ ያለች ልጅ ላሳደገ እጅ አላህ ዋጋውን ይክፈል አሉ።»

እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አንቺ ሉባባ! አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ሌባ? የኔን ምስጋና ሰረቅሽ፣ የእሳቸውን ደበቅሽ! በይ አሁን፣ የኔንም የእሳቸውንም ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ አንዲት ቃል ሳታጎድዪ ተናገሪ።»

ሉባባ እያለቀሰች ጀመረች።