በላስታ ዳገት የሮጠችው ቮልስ

ቮልሷ የአንድ ፈረንጅ ነበረች። ሰውዬው ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚያጠና፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲለካ የሚውል ዝምተኛ ሰው ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ አገሩ ሲናወጥ ሻንጣውን ብቻ አንጠልጥሎ በአውሮፕላን ሄደ። መኪናዋ ሞተሯ ነክሶ አልንቀሳቀስ ብላ ስለነበር እኔ በምሠራበት ሆቴል ጓሮ ትቷት ነው የሄደው። ከእሱ በኋላ ቱሪስትም ቀረ፣ ሥራውም ቀዘቀዘ። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብባት ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። በመጨረሻ የሆቴሉ ኃላፊ፣ "ይቺን ሬሳ ከፊቴ አንሣልኝ፤ ከፈለግህ ያንተ ትሁን" አለኝ። ጎረቤት ለምኜ እየገፋን ከግቢዬ አስገባናት።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ላስሮጣት።"

"መጀመሪያ ትንቀሳቀስ እንጂ!"

እውነቷን ነበር። እኔ ግን መሮጡን ነበር የማስበው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ የእሳቸውም አባት ቄስ ነበሩ። እኔ ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ቅኔ ቤት እንድገባ ሲጠብቁኝ ደሴ ወርጄ ጋራዥ ገባሁ። እዚያ ሳለሁ አንድ ቀን በእሽቅድድም ላይ የነበረ ሰው መኪናው ተበላሽቶበት መጣ። ከሾፌሩና ከአጠገቡ ሰው መቀመጫ በቀር በውስጧ ምንም የለም፤ ድምጿ ደረት ይመታል። ጠግነን ስንሞክራት እኔን አስቀመጠኝ። የጦሳን ተራራ ግርጌ ይዘን ስንወጣ ዳገቱ ሜዳ የሆነ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ጠግኛለሁ፣ ብዙም ነድቻለሁ፤ ያን ስሜት ግን የትም አላገኘሁትም። ወደ አገሬ ተመልሼ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄም ከልቤ አልወጣም።

በባሕር ዛፍ ግንድና በአሮጌ ቆርቆሮ ዳስ ሠራሁላት። የደሴ የጋራዥ ጓደኞቼ ፒስተንና ሌላም የጎደለኝን ዕቃ ለጭነት መኪና ሾፌሮች እያስያዙ ላኩልኝ። ሞተሯ ሲነሣ ሰፈሩ እልል አለ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የላስታ አየር ስስ ስለሆነ ቮልሷ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ለማድረግ ወሰንኩ። አንደኛው ክብደቷን መቀነስ ነው፤ የኋላ ወንበሯን፣ ምንጣፏን፣ የጎማ መሸፈኛዎቿን ሁሉ ነቀልኩ። ሁለተኛው ሌላ ካርቡራቶር መጨመር ነው፤ አየርና ቤንዚን በሁለት አፍ እንድትጠጣ። ካርቡራቶሩ ከደሴ ተገኘ። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ግን የትም አልተገኘም። ይሄን ሊሠራልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከከተማው ዳር የሚኖር፣ በዕድሜ ታላቄ የሆነ ባለ እጅ ነው። ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በመስቀል ነው። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና በቦታው የቀለጠ ናስ ያፈስበታል። የቧንቧውን አምሳያ በጭቃ ሠርቼ ወሰድኩለት። እያገላበጠ አየው።

"ይሄ የምን ነው?"

"የመኪና ጉሮሮ ነው፣ ጋሼ። በዚህ ነው የምትተነፍሰው።"

"መስቀል ያልኩትን ይሆንልኛል። ጉሮሮ ግን ሠርቼ አላውቅም" አለና ሳቀ። "ሰም ካለህ እንሞክረው።"

የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም አየር ቋጥሮ እንደ ወንፊት ወጣ። ናሱ ሲያልቅብን ባለቤቴ የተበላሸ የናስ ላምባ ምድጃዋን አምጥታ፣ "ከዚህ ሌላ የሚቀልጥ ዕቃ የለኝም፤ እንዳታበላሹት" አለች። በሦስተኛው ጎኑን ወፈር አድርጎ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ለውሶ አፈሰሰው። ሰብረን ስናወጣው ሙሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የራሱን ሥራ ተወው። በየማለዳው እኔ ግቢ ይመጣል፤ ለሆዷ መከለያ የሚሆን የበርሜል ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ ጭስ ማውጫዋን ያጣምማል፣ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ይሠራል።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። የዚያን ጊዜ ባለ እጅ ከሌላው ሰው ጋር ማዕድ አይቆርስም። ቡዳ ነው ይባላል። መንግሥት ይሄ ስድብ እንዲቀር አውጆ ነበር፤ በስብሰባ ላይ ሁላችንም አጨብጭበናል። አዋጁ አደባባይ ገባ እንጂ ማዕድ አልገባም። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ምሳ ስታቀርብ ሰውዬው ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

"እኔ እዚህ ደጅ ይበቃኛል" አለ።

"ደጅ የሚበላ እንግዳ የለኝም" አለችው። "አንቱ ለሥራ ነው የመጡት። ይቀመጡ።"

ከገበታው ጠርዝ ተቀምጦ ከእኛ ጋር ቆረሰ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ከልጅነት የተሰማ ነገር በአንድ ቀን አይለቅም። እሱ የቆረሰበትን ጎን ሳልነካ መብላቴን አስታውሳለሁ። እየዋለ እያደረ ግን የእሱን ቀልድ ሳልሰማ ምሳ የማይጥመኝ ሆንኩ።

አንድ ቀን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያው ሰዓት ገቡ። በሩ ላይ ቆመው አንድ ገበታ ከበን አዩን። ሰላምታ አልሰጡም፤ መቋሚያቸውን አዙረው ወጡ። ከዚያ በኋላ ቤቴ መምጣት አቆሙ። ሄጄ ሳያቸው ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ ስለ ሌላው አያነሡም። በመኪናዋም ቢሆን ከመጀመሪያው ደስተኛ አልነበሩም። "ለላሊበላ የሚመጣ ሰው በእግሩ ነው የሚመጣው። ድካሙም ጸሎት ነው" ይሉ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ከመኪና አልፏል። ባለቤቴ አንድ ምሽት፣ "አባባ ሕዝብ የሚያሳልሙበትን መስቀል ማን ሠራው?" አለችኝ። የእሱ እጅ ሥራ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ለእሳቸው ልንገራቸው ብትል ደግሞ አልፈቀድኩላትም።

ወሬው ወደ ቀበሌም ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። የተገለጠውን ሞተር፣ ባዶውን ወለል፣ ያለ መሸፈኛ የቀሩትን ጎማዎች ሲዞር ቆየ።

"ጓድ፣ ይቺ መኪና ከሌላው ትፈጥናለች ይባላል።"

"ከተሳካ፣ አዎ።"

"ከማን ለማምለጥ ነው?"

ሳቅ ጠበቅሁ፤ አልሳቀም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። "ዳገቱን እንድትወጣ ነው" ብል ለራሴም ማመካኛ መሰለኝ። ባለ እጁ መዶሻውን ሳያስቀምጥ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ የዚህ አገር መንገድ አንድ ነው" አለ። "ማምለጥ የፈለገ ሰው በገደል በእግሩ ይሄዳል እንጂ ሁሉ የሚሰማውን እንዲህ የሚጮህ ነገር ይሠራል?"

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ፣ "አስጩሃት እስቲ" አለ። ሞተሩን ሳስነሣ አንደኛው ጠባቂ ደንግጦ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ። ለበዓል ቀን የቀበሌውን ባንዲራ ይዘን እንድንዞር አዘዘንና ሄደ። ባለ እጁም ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ። ከሊቀመንበሩ ጋር ሲነጋገር እኔ ያላየሁት ላብ በጀርባው ወርዶ ነበር።

የሞከርናት ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ላይ ነው። አደይ አበባው ረግፎ ገና አላለቀም። ባለ እጁ ነጠላውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ አጠገቤ ተቀመጠ። በሕይወቱ መኪና ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስረግጠው ከኋላችን እንደ ነጎድጓድ ጮኸች። የፍጥነት መለኪያዋ ስለማይሠራ ስንት እንደሄድን አላውቅም። ነጠላው ተፈትቶ በመስኮቱ ሲወጣ፣ ዓይኔ እንባ ሲያፈስስ፣ እሱም "ንዳ! ንዳ!" ሲል ብቻ ትዝ ይለኛል። አቁመን ነጠላውን ፍለጋ ተመለስን። ከሣር ላይ ሲያነሣው ፊቱ የሰርግ ቀን ፊት ይመስል ነበር። "ለካ ናሱ ይሄን ሁሉ ይተነፍሳል!" አለኝ።

ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። ድሮ ሰው ወርዶ የሚገፋባትን ጠመዝማዛ ሳታቃስት ወጣችው። ጫፉ ላይ ስንደርስ አባቴ ከሌሎች ካህናት ጋር ቆመው ነበር፤ ድምፁን ሰምተው ነው። አቆምኩና ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"ይቺ ናት እንግዲህ" አሉ።

"ይቺ ናት፣ አባባ።"

ያን ዕለት ከከተማው ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የንግሥ ዋዜማ ነበር። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በእግራቸው የሚሄዱበት ነው፤ ዘንድሮ ግን ጉልበታቸው እንቢ ማለቱን እናቴ ነግራኛለች። መኪናዋን ዙሪያዋን ቃኙና ወደ ገደሉ እያዩ፣ "ነአኩቶ ለአብ ድረስ ትሄዳለች?" አሉኝ።

"ትሄዳለች።"

ባለ እጁ ይሄን ሲሰማ ቶሎ ከወንበሩ ወረደ። "አባታችን ይቀመጡ፤ እኔ በእግሬ እመለሳለሁ" ብሎ መንገድ ጀመረ። አባቴ ወንበሩ ላይ ወጥተው መቋሚያቸውን በመስኮቱ አወጡ። ሞተሩን ላስነሣ ስል እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። በእግሩ እየራቀ የሚሄደውን ባለ እጅ በዓይናቸው ተከተሉት። ካህናቱም፣ እኔም ምን እንደሚሉ ጠበቅን።

"ሰውዬው ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ በመጨረሻ። "ከኋላ ቦታ የለም?"

"ወንበር የለውም፣ አባባ። ወለል ነው።"

"ወለል ላይ ይቀመጣላ። ጥራው።"

ሦስታችንም ሄድን። አባቴ ከፊት ያለውን መንገድ፣ ባለ እጁ ከኋላ የሚቀረውን አቧራ ሲያዩ ነበር። ሜዳማው ጋ ስደርስ፣ አስፈራቸው ይሆናል ብዬ ቀስ አልኩ። "ምን ሆንክ? ደከመች?" አሉኝ። ያን ጊዜ ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ የአባቴም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴው በኋላ፣ ከዋሻው አፍ ላይ፣ ለካህናቱ ከቀረበው ዳቦ አባቴ አንድ ቁራሽ ይዘው ወደ መኪናዋ መጡ። ባርከው ቆረሱና መጀመሪያ ለባለ እጁ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡ፤ የቀረውን ራሳቸው በሉ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ነገር እስኪሞቱ ድረስ አላነሡትም፤ እኛም አላነሣንባቸውም። ቤቴ መምጣት ግን ጀመሩ፤ ብዙ ጊዜም ምሳ ሰዓት እየጠበቁ።

ቮልሷ የሮጠችባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። ቤንዚን ጠፋ፤ ድርቁ መጣ፤ ጦርነቱ ወደ ላስታ ወጣ። ማን ማንን እንደሚያሸንፍ በማይታወቅበት ወራት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ለአገር ጉዳይ ትፈለጋለች ብለው ወሰዷት። ደረሰኝ የለ፣ ክርክርም የለ። ባለቤቴ ዳሱ ውስጥ ሽንኩርት ዘራችበት። እኔም ዳሱ ባዶ ሲሆን ግቢው የጠበበ መስሎኝ ጥቂት ጊዜ እዚያ ማለፍ ጠላሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ገበሬ ወንዙ አጠገብ እንዳያት ነገረን። ከባለ እጁ ጋር ወረድን። ሞተሯ ተነቅሏል፣ ጎማ የላትም፤ በማሽላ ማሳ ዳር ሆዷ መሬት ነክቶ ተቀምጣለች። ውስጧ አንዲት ሴት ወንጭፍ ይዛ ዝንጀሮ ትጠብቃለች።

"ያንተ ነበረች እንዴ?" አለችኝ።

"የሁለታችን ነበረች።"

"ዝናብ አታስገባም፤ ደግ ቤት ናት" አለች። "በሯ ብቻ አልዘጋ አለኝ።"

ባለ እጁ ተንበርክኮ ማጠፊያውን አየ። ከአጥሯ ሽቦ ቆርጦ፣ በድንጋይ እያቃና አሠረው። በሩ ሲገጥም ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችውና ደስ አላት። ከማሽላው እሸት ቆርጣ፣ ጠብሳ ሰጠችን። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ላይ እያዩን፣ ሦስታችንም እሸቱን በልተን ጨረስን፤ ከዚያም እኔና እሱ ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን።