ሚኒሞዋ የተስተካከለ ቀን

ትናንት ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ «ችግሩ ሚኒሞው ነው፤ መኪናው ሲቆም ሞተሩ አይረጋም» ሲለኝ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ የነበረው ግቢያችን ታየኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። መምህሩ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ መኪናችን በቆመችበት ለምን ተንቀጥቅጣ እንደምትጠፋ ይፈልጋል።

እናቴ «ተዋት፤ ታማ ትቅርልን» አለችው። አልገባኝም።

ጎንበስ ስል ፉጨት ሰማሁ። «አባባ፣ ይቺ ቱቦ ትተነፍሳለች!»

ስንጥቁን በጎማ ቁራጭ ጠቀለለው። ሞተሩ ረጋ። «አንቺስ ከእኔ ትበልጫለሽ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እናቴ ወደ ቤት ገባች።

በሳምንቱ የቀበሌ ሰዎች መጡ። «ደህና መኪና ከነሾፌሩ ለዘመቻ ይፈለጋል» አሉት። አባቴ ራሱ እየነዳ ወጣ፤ አልተመለሰም።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ሳልደፍር ቀበርኋት።