የዓሣው ወንፊት

እማዬ እኔ ቤት መጥታ ዱቄት እየነፋች ነው። ወንፊቱን በመዳፏ መታ መታ ስታደርገው ሽሮ ሜዳ ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ።

አባዬ ዘጠኝ ዓመት ያኖረው ቀይ ዓሣ ነበረው። ዓሣው መዝለል ስለሚወድ አባዬ የመስታወት ገንዳውን በእማዬ ወንፊት ይከድነው ነበር። አንድ ቀን ላበላው ከፍቼ፣ ሳልከድነው ለጨዋታ ወጣሁ። ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቋል። አንስቼ ውሃው ውስጥ ብከተውም አልተንቀሳቀሰም።

አባዬ ከሽመናው ተነስቶ መጣ። «ማነው የከፈተው?»

«ዱቄት ልነፋ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች እማዬ።

የዚያን ቀን ዱቄት የሚባል አልነካችም። ቀኑ ተምታቶባት መስሎኝ እውነቱን አልተናገርኩም።

ዛሬ ግን አላስቻለኝም። «እማዬ፣ ያኔ ወንፊቱን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።»

መንፋቷን ሳታቋርጥ «አውቃለሁ» አለችኝ። «እጅሽ እኮ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።»