የረዥሙ ካቦ ዱላዎች

በጣሊያን ጊዜ ካየኋቸው ከንቱዎች ሁሉ እንደ ረዥሙ ካቦ የናቅኩት ሰው የለም። ገዳዮቹን ጠልቻቸዋለሁ። ጥላቻ ግን ሰውን ከቁም ነገር መቁጠር ነው፤ ይኼኛውን መጥላት ክብር መስጠት ይመስለኝ ነበር። በአገሩ የግንበኞች ካቦ እንደነበረ የገዛ ሰዎቹ ያወሩበታል። እኛ ዘንድ ሲመጣ በምዕራብ በኩል የሚወጣው መንገድ ሹም ተደረገና ጌታ ወጣው። የመኪናውን በር የሚከፍትለት ካላገኘ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቁመቱ ለጉድ ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት በር አጭር ስለሆነ አንድም ቀን ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጎንበስ ማለት ሊኖርበት ነዋ! ደጅ ላይ ቆሞ ደረቱን ነፍቶ ያዛል፤ እኛ ወጥተን እንሰማለን።

እኔ ቀራንዮ ሰፈር የምኖር እንጨት ሠሪ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ሶማያ የምንለው የጦር እንጨት፣ የከዘራና የእጀታ ሥራ ነው። ጦር መያዝ ሲከለከል ሶማያው ቀረና፣ ለመንገድ ሥራው የመዶሻና የዶማ እጀታ ስጠርብ መዋል ጀመርኩ። እጀታዎቹ የሚሄዱት ረጲ፣ እስረኞች ድንጋይ ወደሚፈልጡበት ቦታ ነው። ከእስረኞቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከገበያ ሲመለስ አፍሰው የወሰዱት ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም። ወንድሜ መሆኑን ግን ለማንም አልተነፈስንም፤ የእስረኛ ቤተሰብ ከታወቀ ቤቱ ይበረበራል፣ ወንዱም ተለቅሞ ይሄዳል። ስለዚህ እጀታ ባደረስኩ ቁጥር በሩቁ አየውና እንደማላውቀው ሆኜ እመለሳለሁ። መዳፉን እንዳይልጠው ብዬ እያንዳንዱን እጀታ አለስልሼ እፍቅ ነበር። የትኛው እንደሚደርሰው ስለማላውቅ ሁሉንም አለሰልሳለሁ።

አንድ ቀን ረዥሙ ካቦ ከአስተርጓሚው ጋር ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። አስተርጓሚው ከየት እንደመጣ የማናውቀው፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው። የጣሊያኑን ቃል ብቻ ሳይሆን ቁጣውንም ይተረጉማል፤ ሰውየው ቢያስነጥስ እሱንም ለመተርጎም የሚዳዳው ዓይነት ነበር። የጦር መሣሪያ ያነገተ ዘበኛ ከመኪናው አንድ የቆዳ ከረጢት አወረደና ከፈተው። ውስጡ ጫፋቸው ላይ ብረት የተሰካባቸው ቀጫጭን ዱላዎች ታጭቀውበታል።

የጎልፍ ዱላዎች ነበሩ። ያኔ ስሙን አላውቀውም፤ እኛ በኋላ «የፈረንጅ ገና» አልነው። ከተማው በተዘረፈ ጊዜ ሸሽቶ ከሄደ አንድ ፈረንጅ ቤት የተገኙ ናቸው። ያ ፈረንጅ ድንክ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ዱላዎቹ ለረዥሙ ካቦ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ቢሉ ነው። በእነሱ ለመጫወት እንደ አጫጅ መታጠፍ አለበት። ሰውየው ደግሞ ከመሀል ከተማ ሁለት ሹማምንት ሊጋብዝ አስቧል። ከቤተክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ላይ አብሯቸው ሊጫወት፣ ጌታ መሆኑን ሊያሳያቸው።

«ሲኞር ዱላዎቹ ለቁመታቸው እንዲስማሙ ይፈልጋሉ» አለኝ አስተርጓሚው። «አንተ ታረዝማለህ። ካበላሸህ ትገረፋለህ።»

«እሺ ጌታዬ። እንግዲያው ልለካቸው» አልኩ።

በእኛ ሙያ ዱላ ያለ ባለቤቱ አይቆረጥም። ሰውየው ፊትህ ይቆማል፣ ክንዱን ያንጠለጥላል። ከእጁ አንጓ እስከ መሬት በገመድ ትለካዋለህ፣ ትከሻውን ትዳብሳለህ፣ በትር አስጨብጠህ ጣቶቹን በእጅህ ታጣጥፍለታለህ። አባቴ ባላባት ለክቷል፣ ለማኝም ለክቷል፤ አትንካኝ ያለው ሰው አልነበረም። ገመዴን ይዤ ገና አንድ እርምጃ ስራመድ ረዥሙ ካቦ እከክ ያለበት ውሻ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ዘለለ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ጮኸ አስተርጓሚው። «የገዢ ዘር በአገሬው እጅ አይነካም። ሕግ ነው!»

ያን ሁሉ ቁመት ተሸክሞ ከአንዲት ገመድ ሸሸ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ሳለ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«እንግዲያው በቁመት የሚስተካከላቸው ሌላ ሰው ይሰጠኝና በሱ ልለካ» አልኩ። «ቀራንዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁመት የለም። እጀታ ሳደርስ ግን ረጲ ድንጋይ ከሚፈልጡት መካከል አንድ ረዥም እስረኛ አይቻለሁ።»

ተተረጎመለት፤ ደስ አለው። ሌላ ሰው በሱ ቦታ ሲዳበስ፣ እሱ ሳይነካ ሲለካ፣ ትልቅነቱ እጥፍ የሆነ መሰለው መሰለኝ። በማግሥቱ ጠዋት ያ ዘበኛ ወንድሜን እየነዳ አመጣልኝ።

ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ አቧራ ነጥቷል። ይስላል፤ ሳሉ ከሆዱ ነው የሚወጣው። «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም» አልኩት እንደማላውቀው። ቆመ። ገመዱን በደረቱ ላይ ሳሳልፍ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። እናቴ ከጓሮ ብቅ አለች፣ አየችው፣ ተመልሳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ቆሎና እርጎ ይዛ መጣችና ዘበኛውን ለመነችው። «ለነፍሴ ብዬ ነው፣ ልጄ። ለዚህ እስረኛ ትንሽ እህል ላቅምሰው» አለችው። በገዛ ልጇ ፊት ዘበኛውን «ልጄ» ብላ ጠራችው። ወንድሜ እርጎውን ሲጠጣ ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ማራዘም ሆነ ሙያዬ። ዛሬ ወይራው አልደረቀም። ነገ ደርቆ ተጣመመ፤ እሳት ላይ እያሞቁ ማቃናት ያስፈልጋል። ከነገ ወዲያ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ ቅቤ ይቀባል፣ መጨበጫው በጠፍር ይጠመጠማል። ለሁሉም «መለኪያው» ይምጣልኝ እላለሁ፣ ወንድሜም ይመጣል። እኔ ዘንድ የዋለበት ቀን ድንጋይ የማይፈልጥበት፣ በልቶ የሚያድርበት ቀን ነው። ረዥሙ ካቦ አልፎ አልፎ መኪናውን ደጄ ያቆምና በመስኮት ያስጠይቃል።

«የሲኞር ቁመት ተራ ቁመት አይደለምኮ» እላለሁ ለአስተርጓሚው። «ጊዜ ይፈልጋል።»

ይህ ሲተረጎምለት አገጩን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ሙገሳ የሚበላ ሰው እንዲህ ነው፤ ከእጅህ ጎርሶ የሚጎርሰውን ሳያይ ይውጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ጥላ ሥር እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይህ ዱላ ሲያልቅ ተመልሼ እዚያው ነኝ። በዚህ ሳል ክረምቱን አልወጣውም» አለኝ።

«አያልቅም» አልኩት።

«ያልቃል» አለ። የበሽተኛ ድምፅ ነበር እንጂ የፈሪ አልነበረም። እኔ ነኝ የፈራሁት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። የሰፈር ሰው ዱላዎቹን ሆን ብዬ እንዳበላሸኋቸው ያወራል፤ ሲያወራም ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ይጣፍጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔ ሥራ አላበላሽም፣ ለጠላትም ቢሆን። ኳስ በዱላ መምታት ሲባል የማውቀው ገናን ብቻ ነው። ወንድሜን «ገና እንደምትጫወት ሁን» አልኩት። በቀራንዮ የገና ጨዋታ እሱን የሚያህል አልነበረም። ግራ እግሩን አስቀደመ፣ ወገቡን ሰበረ፣ እጆቹን አራርቆ ጨበጠ፤ እኔም በዚያ አኳኋኑ ለካሁ። ዱላዎቹ ከድሮው ረዘሙ፣ ግን የተሠሩት ለሚያጎነብስ ሰው ነው። ፈረንጅ በጎልፍ እንዴት እንደሚቆም ያየሁት ከነፃነት በኋላ ነው። ያ ሰውዬ አንዴ ቆሞ ቢያስነካኝ ኖሮ በልኩ እሠራለት ነበር።

የግብዣው ቀን ደረሰና ማራዘሙ አበቃ። ሁለቱ ሹማምንት በመኪና መጡ፤ ሆዳሞች፣ ሳቂታዎች ነበሩ። መስኩ ላይ ሣሩ ገና ከዝናብ አልደረቀም። ዱላው የሚስተካከል ነገር ቢኖረው ብዬ ወንድሜም እንዲመጣ አድርጌያለሁ፤ ከጨዋታው በኋላ በቀጥታ ወደ ረጲ እንደሚመለስ ተነግሮናል። ረዥሙ ካቦ ከረጢቱ እርጥብ ሣር ላይ እንዳይቀመጥ ዘበኛውን አሸከመው። ዘበኛው ከረጢቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጠመንጃውን መኪናው ላይ አስደግፎ ቆመ።

ረዥሙ ካቦ ኳሷን አስቀመጠ። ደረቱን ነፋ፣ ቀጥ አለ፣ ሰነዘረ። ዱላው ከኳሷ በላይ በአየር ላይ ሽው ብሎ አለፈ። እንደገና ሰነዘረ፤ አሁንም አየር። በሦስተኛው ተናዶ ወደ ታች ደሰቀና አንድ ቁና የሚሆን ሣር ከነአፈሩ ነቅሎ አነሳ። አንዱ ሹም ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሌላው እንባውን ጠረገ። ረዥሙ ካቦ እስከ ጆሮው ቀላ። አስተርጓሚውም አብሮ ለመቅላት የሞከረ ይመስላል፣ ግን ቆዳው አልታዘዘለትም።

«ዱላውን አበላሽተኸዋል ይላሉ ሲኞር!» ብሎ ጮኸብኝ። «ግረፉት ብለዋል!»

«የተለካበት ሰው ይምታበትና ይታይ» አልኩ። «እሱ ከሳተ ግረፉኝ።»

ሳቁ ያላለቀለት ሹም ሐሳቡን ወደደው፤ በእጁ «ይምታ» አለ። ወንድሜ ቀረበ። ዱላውን አነሳ፣ አንዴ በእጁ መዘነው፣ ግራ እግሩን አስቀደመ፣ ወገቡን ሰበረ። ያን አቋቋም በልጅነታችን ስንቴ አይቼዋለሁ። ኳሷ ተነሳች። መስኩን አለፈች፣ ከመስኩ ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ የቆመውን ግራር አለፈች፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ሹማምንቱ አጨበጨቡ። አንደኛው ለረዥሙ ካቦ አንድ ነገር ነገረው፤ አስተርጓሚው አልተረጎመውም፣ ግን የሁሉም ፊት ተርጉሞታል።

ዱላው ደህና ነው ማለት ነው፤ ብልሽቱ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ሰው ሁሉ ካየ በኋላ አንድ ጨዋ ሰው ይስቃል ወይም ይሄዳል። ይህ ግን የቀረው ጌትነት ማዘዝ ብቻ ስለነበር በጣቱ ወደ ማዶ እያመለከተ አዘዘ።

«ሂድና ኳሷን አምጣ!» አለ አስተርጓሚው ወንድሜን። ኳሶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ወደ ወንዙ የሚወርደው ገደል ደግሞ ሳማና ጭቃ ነው። ገዢ ዘር ሳማ ውስጥ አይገባም። ዘበኛው ሊከተል ቢል ረዥሙ ካቦ ከረጢቱን አይቶ በዓይኑ ባለበት አስቆመው።

ወንድሜ ዱላውን ሣሩ ላይ በቀስታ አስቀመጠ። አየኝ፤ ዓይኑን ግን እኔ ላይ አላቆየም። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወረደ።

ሳይጣደፍ ወንዙን ተሻገረ። ግራሩ ጋ ሲደርስ አጎነበሰ፣ ቁጥቋጦ ገለጠ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አጎነበሰ። አሁንም ራቅ ብሎ። ከዚያ ቀና ሲል አላየሁትም።

ረዥሙ ካቦን አየሁት። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ኳሷን ይጠብቃል። ሰው ሄዶበታል፣ እሱ ኳስ ይጠብቃል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ምን አቆየው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ሩቅ ነዋ የመታት፣ ጌታዬ» አልኩ።

ጥላችን ከረዘመ በኋላ አስተርጓሚውን ራሱን ላኩት። በነጭ ጫማው ሳማው ውስጥ ወረደ። ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ እየሮጠ ነበር። «ተገኘች! ሲኞር፣ ተገኘች!» ረዥሙ ካቦ ተቀበለውና ኳሷን በመሐረብ ጠረጋት። ያኔ አንዱ ሹም ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሁሉም ወደ ማዶ ተመለከቱ።

ዘበኛው ከረጢቱን ጥሎ ወደ ጠመንጃው ሮጠ። ቁጥቋጦው ላይ ተኮሱ፤ ወፍ ተነሳ እንጂ ሌላ የተነሳ ነገር የለም። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

«ሰውየውን ታውቀው ነበር?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ቁመቱን ብቻ» አልኩት።

መሬት ላይ አስተኙኝ። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲያርፍብኝ፣ አሁን ዳገቱን ይዟል አልኩ በሆዴ። ሌላው ሲያርፍ፣ አሁን ከሰው ዓይን ወጥቷል። ጮኼያለሁ፣ አልዋሽም። ግን በእያንዳንዱ ጅራፍ ወንድሜን ትንሽ ትንሽ እያራቅኩት ነበር። ክንዳቸው ዝሎ ሲተዉኝ ወጨጫ ተራራ ጫካ ውስጥ አስገብቼው ነበር።