ብዙ ጎብኚ ያስፈልገናል

ፊት ለፊቴ የምትኖረውን ጎረቤቴን ሰው ሁሉ «እትዬ ሃሎ» ይላታል። ስሟ አይደለም። ዕድሜዋን በሙሉ ስልክ መሥሪያ ቤት መስመር ስታገናኝ ስለኖረች፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስልክ ስታነሳ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ትላለች። የሰፈር ጎረምሳ ሆን ብሎ ይደውልና «ከመንግሥተ ሰማያት ጋር አገናኚኝ» ይላታል። «መስመሩ ተይዟል፤ አንተን ደግሞ የሚያውቅህ የለም» ብላ ትዘጋበታለች።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ባሏ ከመታመሙ በፊት ነበር። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። የምንኖርበትን ሕንፃ ደረጃ ከታች እስከ ላይ የቀባው እሱ ነው፤ እጀ ጠንቃቃ በመሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ግድግዳው ላይ የብሩሽ መንገድ አይታይም። መርሳት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በመጨረሻም ቤቱ ራሱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጃኬቱን ይለብስና በሩ ላይ ይቆማል።

«እንግዲህ ይበቃኛል፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ይላታል።

«ቤትህ እኮ ነው! ምን ነካህ አንተ ሰው?»

«ጥሩ አስተናግዳችሁኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ባለቤቴ ታስባለች።»

«ባለቤትህ እኔ ነኝ» ስትለው ይቆጣል። በሩን ስትቆልፍበት ይደበድበዋል። እኔ ከወዲያ ሆኜ እሰማለሁ። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይኗ ቀልቶ፣ የነጠላ ጫማዋ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ አያታለሁ። «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ማን አደረ?» ትለኛለች።

ዋርሳዋ፣ ማለትም የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን መጥቶ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እትዬ፣ ወንድም ጋሼን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ላስገባው ነው። ቦታ አግኝቻለሁ። በዚህ ዓይነት አንቺ ቀድመሽው ትሞቻለሽ።»

«ወሩ እስኪያልቅ ታገሠኝ» አለችው።

«ወሩ ሲያልቅ ምን ይለወጣል?»

«እሱን እኔም አላወቅሁም።»

ያሰበችው እንዲህ ነው፤ በዚህ ሰፊ ዓለም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤቱ ያለ፣ ዘዴውንም ያገኘ አንድ ሰው አይጠፋም። ያን ሰው ማግኘት አለባት። በሥራዋ ዘመን ያልተገኘ ሰው አልነበረም፤ አንዱ የስልክ ጣቢያ እምቢ ካለ በሌላው ትዞር ነበር። የእህቷ ልጅ ስልኳ ላይ ጦማር ከፈተችላት። ጦማር ማለት ሰው የሚጽፈውን ማንም እንዲያነበው በኢንተርኔት የሚያወጣበት ገጽ ነው። እትዬ ሃሎ መጀመሪያ ያወጣችው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ቤቱ ተቀምጦ ቤቴ ልሂድ ለሚል ሰው ምን ይባላል?»

ማንም አልመለሰም። ቆይቶ አንድ ሰው ጻፈ፤ ሮጣ መጥታ አሳየችኝ። ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ሻጭ ነበር።

«አክስቴ፣ መክፈት ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለቻት የእህቷ ልጅ በስልክ። «ማስተዋወቅ አለብሽ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ገብተሽ ገጽሽን እንዲጎበኙ ጋብዢ። ጎብኚ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ጎብኚ!»

እትዬ ሃሎ የታዘዘችውን አታጓድልም። ባሏን ቁርስ እያጎረሰች በአንድ እጇ ትጽፋለች። ሰው ፌስቡክ ላይ የልጁን ሠርግ ሲያወጣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ የኔንም ገጽ ጎብኙ» ትላለች። ልደት ላይ ትጽፋለች፣ የጠፋ ድመት ላይ ትጽፋለች። አንዱ አባቱ ሞቶ ቢያረዳ «ነፍስ ይማር፤ ገጼን ጎብኙ» ብላ ጻፈችና ሰውየው ያልሰደባት ስድብ የለም። አነበበችልኝ።

«ይሄንንስ ባትጽፊው ይሻል ነበር» አልኳት።

«ጋሼ፣ ድካም ነው። እጄ ነው የጻፈው፣ እኔ አልነበርኩበትም።»

በመጨረሻ ነገሩን ወደምታውቀው ወደ ወረቀት መለሰችው። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የሕንፃው መግቢያ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ «ጎብኙን። እባካችሁ ሳይመሽ ጎብኙን። ብዙ ጎብኚ ያስፈልገናል።» ከሥሩ የጦማሩ አድራሻ በፈረንጅ ፊደል በቀጭኑ ተጽፏል፤ መነጽር ያላደረገ አያየውም። ከዚያም በታች ቁጥር ሳይተው መልእክት መተው በሥራዋ ነውር ስለነበረ፣ የቤቷን በር ቁጥር በትልቁ ጽፋዋለች።

ሰው ምን ይረዳ? «ሰውየው ሊያልፍ ነው» ብሎ ተረዳ።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው በሰው ተሞላ። ብርቱካን የያዘ፣ ወተት የያዘ፣ ሙዝ በፌስታል ያንጠለጠለ። በሬን ስከፍት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እስትንፋሱ አለ?» አለኝ። ተከትዬው ገባሁ። ቀለም ቀቢው ሶፋው ላይ ተደላድሎ ብርቱካን ይልጣል። እትዬ ሃሎ መሐል ቆማለች።

«ምነው፣ ምን መጣ?»

«አንቺ አይደለሽ ጎብኙን ያልሽ?» አላት ልብስ ሰፊው።

«ገጹን! ገጹን እኮ ነው ያልኩት!»

«ገጹንማ ይኸው እያየነው ነው፤ ደህና ነው፣ ፊቱ ወዛ ብሏል።»

ተቀመጠችና ሳቀች። ሳቋ መልሶ ለቅሶ ሆነ፤ ሰዎቹም ግራ ገብቷቸው ብርቱካኑን በሉ። አንድ በአንድ «እግዜር ይማረው» እያሉ ወጡ።

መጨረሻ ላይ የመጣችው ሳጅኗ ናት። ከምድር ቤት የምትኖር፣ ግቢውን ሁሉ የምታዝዝ ሴት ስለሆነች ነው እንዲህ የምንላት። በልብስ ማስጫው ገመድ የተነሳ ከእትዬ ሃሎ ጋር ከተኮራረፉ ቆይተዋል።

«ለሱ ብዬ ነው የመጣሁ፤ ላንቺ አይደለም» ብላ ወተቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሰዓቱ ደርሶ ኖሮ ቀለም ቀቢው ጃኬቱን ለብሶ ተነሳ። «እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ።»

እትዬ ሃሎ ቁልፉን ልትፈልግ ስትነሳ ሳጅኗ ቀደመቻት።

«ቤትዎ በየት በኩል ነው ጋሼ?»

«በዚህ፣ ወደ ታች።»

«እኔም በዚያው ነኝ። ኑ፣ አብረን እንሂድ።»

ክንዱን ያዘችው። እትዬ ሃሎ ልትከተል ስትል ሳጅኗ ዘወር ብላ «ቁጭ በይ! መልክሽን አይተሽዋል?» አለቻት። በመስኮት አየናቸው። ሕንፃውን በዝግታ ዞሩት፤ እሱ በየመሐሉ ቆሞ የተላጠ ግድግዳ ያሳያታል። ተመልሰው ደረጃውን ወጡ። በሩ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ደርሰናል። ግቢ እንጂ! እዚህ ድረስ አድርሰሽኝ ሻይ ሳትጠጪማ አትሄጂም።»

ራሱ ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለው። እትዬ ሃሎ አፏን ይዛ ቀረች።

መልሱ ይህ ነበር። ጦማሩ ላይ ጽፋዋለች፤ ማን እንዳነበበው አላውቅም። ቢሆንም በየቀኑ የሚያዞረው ሰው መገኘት ነበረበት። ሳጅኗ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ ልብስ ሰፊው ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እኔ ጉልበቴ ሲፈቅድ። ሌላውን ቀን ሁሉ እሷው ናት።

ወሩ አለቀ። ዋርሳዋ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ባዶ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ጊዜው አመሻሽ ነበር። ቀለም ቀቢው ጃኬቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ተቀበለው፤ ወንድሙ መሆኑን አላወቀም።

«ወንድሜ፣ ወደ ቤቴ ልታደርሰኝ ትችላለህ?»

ዋርሳዋ ነገሩ እንዲህ ይቀልልኛል ብሎ አላሰበም። «አዎ፣ ለዚያ ነው የመጣሁት» አለ፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር።

«በእግር ነው የሚሄደው» አለችው ወንበሯን ይዛ። «ሕንፃውን አዙረህ መልሰው። ከዚያ በኋላ ልውሰደው ካልክ አልከለክልህም። ለመጣላትም አቅም የለኝ።»

ወረዱ። ቆዩ። ሲመለሱ ቀለም ቀቢው ወንድሙን ክንዱን ይዞ እየጎተተ ነው፤ «ቤት ለእንግዳ ነው፣ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ተጫወት» ይለዋል። ዋርሳዋ ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ መሬት መሬት አየ።

«ነገ ማነው የሚያዞረው?»

«ሳጅኗ ናት» አልኩት እኔ።

«ከነገ ወዲያስ?»

ጉልበቴን አሻሸሁ። እሱ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ከሱቅ ስወጣ እኔ እመጣለሁ። እትዬ፣ ሰምተሻል?»

እትዬ ሃሎ አልሰማችም። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ይዟት ሄዷል። ዋርሳዋ ትከሻዋን ሊነካት ሲነሳ ቀለም ቀቢው እጁን ያዘው።

«ተዋት» አለው በሹክሹክታ። «ማን እንደሆነች አላወቅኋትም፤ ግን ሴትዮዋ በጣም ደክሟታል።»