ተሾመችና የሸምሱ ጃኬት

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከደረጃው ስር ተሾመች የምትባል ልብስ ሰፊ ትሠራ ነበር። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የብሎኩ ሰው ስፌቷን ይወዳል፤ እሷን ግን አይወድም። "ጉረኛ" ይላታል። አንዱ ሰላም ሲላት ትመልሳለች፣ ሌላው ፊቷ ቆሞ ቢጮህ መቀሷን አታስቀምጥም። የሁለተኛ ፎቋ ሀና አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሰደበቻት። ተሾመች የሀና ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ አንዲት ቃል ግን አልሰማችም። ጆሮዋ ደግሞ ጤነኛ ነው። ከሀና ኋላ የቆሙት ሴቶች "እሰይ!" ሲሉ ጥርት አድርጋ ሰምታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሾመች የሰው ልብስ ገልብጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ለብሶት ያሳለፈው ሰዓት ይመጣላታል። ማየት ብቻ አይደለም፤ ብርዱ ይበርዳታል፣ ሕመሙም ያማታል። ልብሱ ከታጠበ ግን ምንም የለም። ከእናቷ የወረሰችው ነው። እናቷ ላፍቶ ገና ጤፍ ይዘራበት በነበረ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር በተገኘ ጋቢ የስንቱን መጨረሻ ያወቁ ሴት ነበሩ።

ያለ ዋጋ ግን አይሆንም። ልብስ ደርባ እንዲህ ባየች ቁጥር፣ ከዚያ በፊት በመጨረሻ በስሟ የጠራት የምታውቀው ሰው ድምፅ ይጠፋባታል። ሰውየው ለሌላው ሁሉ ይናገራል፤ ለእሷ ብቻ ዲዳ ይሆናል። አንዴ የጠፋ ድምፅ አይመለስም። መንገደኛ ቢጠራት አይቆጠርም፤ በስልክም አይሆንም፤ ሞክራዋለች።

በመጀመሪያ ያጣችው የባሏን የደምሰውን ድምፅ ነው። ያኔ ወጣት ነበረች፤ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ባልደረባዋ በሌብነት ተከሳ ስታለቅስ አላስቻላትምና የአንዱን ዘበኛ ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጣለች። ሌባው ተገኘ። ማታ ቤቷ ስትገባ ደምሰው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ምንም የለም። ብታስረዳው አላመናትም። "ንቀሽኝ ነው" እያለ፣ ማለቱንም በምልክት እያሳያት፣ ዓመት ሳይሞላው ጥሏት ሄደ። ልጃቸው ናፍቆት ያኔ ጡት ላይ ነበረች።

የሀናም እንዲሁ ነው። የሀና ልጅ ጠፍቶ ብሎኩ ሲታመስ፣ ሹራቡ ታክሲ ውስጥ ተረስቶ ተገኘ። ሀና ሹራቡን አቅፋ "ተሾመችዬ፣ ምን ይዋጠኝ!" እያለች ጮኸችባት። ተሾመች ሹራቡን ተቀብላ ጓዳ ገባች። ልጁ የታክሲውን ረዳት "ለቡ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ሰማችና "ለቡ፣ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ፈልጉት" አለች። ልጁ አክስቱ ቤት ተገኘ። ሀና ግን ከማመስገን ይልቅ "በምን አወቀች?" ብላ መጠርጠር ጀመረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀና ስታናግራት ተሾመች አለመመለሷ ደግሞ ጥርጣሬውን አጸናው። መተተኛ ናት የሚለው ወሬ የተነሣው ከሀና ቤት ነው።

ስለዚህ ተሾመች ከሰው ራቀች። በስሟ የሚጠራት ባይኖር መረጠች። ናፍቆት ምስጢሩን እያወቀች ስላደገች ከ"እማዬ" ሌላ ጠርታት አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙፊዳ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ሸምሱ ለቡ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ግንበኛ ነበር፤ ከሞተ ጥቂት ጊዜው ነው። ፎርማኑ አባይነህ "ሰክሮ ከአጥር ላይ ወድቆ አገኘሁት" ብሎ ለፖሊስም ለዘመድም ተናግሯል። ሙፊዳ ከፌስታል ውስጥ ጃኬት አወጣች። አረቄ አረቄ ይሸታል።

"እትዬ፣ ባሌ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም" አለች። "ለቀብር የመጣው ሰው እንኳ ፊቱን እያዞረብኝ ነው። ሐኪም ቤት ይህን ጃኬትና አንድ እግር ጫማ ሰጡኝ። ሌላኛውስ ስል፣ እዚያ የነበረው አባይነህ ውሻ ወስዶት ይሆናል አለኝ። አንቺን ልብስ ያናግራታል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።"

ተሾመች ዋጋውን ነገረቻት። ሙፊዳ አላመነታችም። "እኔን ይሁን። ድምፄ ምን ይሠራልሻል? አሁኑኑ ልጥራሽ?"

ተሾመች የሞተ ሰው ልብስ ለብሳ አታውቅም፤ ሞቱን አብራ ልትሞት ነው። "ልደርበት" አለች። "ጠዋት ነይ፤ ያኔ ትጠሪኛለሽ። ጃኬቱ እኔ ጋ ይቆይ፤ እንዳታጥቢው።"

ናፍቆት በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የምትሠራው በዚያው ግንባታ ላይ ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። አባይነህ ደግሞ ጎረቤታቸው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ለእሷም፣ ለግማሹ የብሎኩ ወጣትም ሥራ ያስገባው እሱ ነው።

ጠዋት ናፍቆት ለሥራ ለብሳ ቆማ "ጃኬቱን መልሺላት" አለች።

"ሴትዮዋ ባሏ ተሰድቦባት ነው የመጣችው።"

"እኛስ? ግንባታው ቢዘጋ ስንት ሰው ቤቱ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ? አሁንም የምንወጣ የምንገባው በስድብ ነው! አባቴን አሳጣሽኝ፤ ሥራዬንም?"

"አባትሽን እኔ አላባረርኩትም።"

"አንቺ ነሽ ያባረርሽው! ለባዳ ሴት ብለሽ!"

ተሾመች ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣች። ያኔ ናፍቆት እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ያላለችውን አለች።

"ተሾመች!"



"አሁን ድፈሪና ልበሺው" አለች ናፍቆት። በሩን በላይዋ ላይ አላትማው ሄደች።

ተሾመች ጃኬቱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ልጅ እናቱን በስሟ መጥራቱ ራሱ ስድብ ነው፤ ይኼኛው ግን ከስድብ አለፈ። ናፍቆት የገዛ ድምፅዋን መቆለፊያ አድርጋ ዘጋችባት። ለሙፊዳ ደወለች። "ቶሎ ነይ፤ መጥተሽ በስሜ ጥሪኝ።" ሙፊዳ ላፍቶ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ ነበረች። "እየመጣሁ ነው እትዬ!"

ከሙፊዳ የቀደመው ግን አባይነህ ነው። ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ደረጃው ስር ደረሰና የስፌት መኪናዋን በእግሩ ገፋ አደረገ።

"ጃኬቱን አምጪ።"

"የደንበኛ ዕቃ ነው። ባለቤቷን ጠይቅ።"

"ጊዜዬን አትግደይ። ናፍቆት ነግራኛለች።"

ልጇ መቆለፏ አልበቃ ብሏት ጠላትም ልካባታለች። ተሾመች ድምፅዋን አረጋግታ "ስሜን ታውቀዋለህ?" ስትል ጠየቀችው።

አባይነህ ሳቀ። "እንዳልጠራው አስጠንቅቃኛለች። ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ፣ ሴትዮ?"

ተሾመች ወደ ደረጃው ዞራ ጮኸች። "አንድ ሰው በስሜ ይጥራኝ! በእናታችሁ! ጥሩኝ!"

በሮች ተከፈቱ። ጎረቤት ሁሉ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቁልቁል አየ። አንዲቱ "ዛሬስ ለየላት" አለች፤ ሌላዋ ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገባች። ሀና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ስሟን ይሁን ስድብ ማን ያውቃል? ጆሮዋ ያልደረሰ ጥሪ ደግሞ አይቆጠርም። በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

አባይነህ የጃኬቱን እጅጌ ያዘ። ስፌቱ ተረተር ብሎ ተቀደደ። ከወሰደው ሊያቃጥለው፣ ካላቃጠለውም ሊያጥበው ነው። ተሾመች መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ በጉተታው የተገለበጠውን ጃኬት ከእጁ መንጭቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ የመጣባት መውደቅ ነው። ከእግሯ በታች ጣውላ የለም፤ ባዶ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ። ሕንፃው ውስጥ ያለው የሊፍት ጉድጓድ ነው፤ መክደኛ የለውም። እግሯ ተሰብሯል፤ አንደኛው ጫማ ጭቃው ውስጥ ተነቅሎ ቀርቷል። ትጮሃለች፤ በሸምሱ ድምፅ። አባይነህ ከላይ አጎንብሶ አየና "ዝም በል! ተቆጣጣሪዎች መጥተዋል" አለ። አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ ሁለት ሆነው አወጧት፤ ተሸክመው በጓሮ በኩል አጥር ጥግ አጋደሟት። "አምቡላንስ" ይላል ሸምሱ። "መጀመሪያ ተቆጣጣሪዎቹ ይሂዱና" ይላል አባይነህ። የአረቄ ጠርሙስ ከፍቶ ደረቷ ላይ ያፈስሳል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች እየሳቁ ሲነጋገሩ፣ መኪና ሲነሣ ይሰማል። ትንፋሽ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ሸምሱ በመጨረሻ የጠራው ሚስቱን ነው።

ዓይኗን ስትገልጥ መሬት ላይ ተዘርራለች። አባይነህ ጃኬቱን ከላይዋ ገፎ ይዟል።

"ምን አየሽ?"

"ምንም" አለች። "አረቄው አጥቦታል።"

ተጠራጠራት፤ ግን ዓይኗ ባዶ ነበር። ምራቁን እግሯ ስር እንትፍ ብሎ ሄደ።

ሙፊዳ እያለከለከች ስትደርስ ተሾመች ሁሉንም ነገረቻት፤ መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠራም። ሙፊዳ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን በሻርፗ ጠራረገችና "ተነሺ" አለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ስለ ልብስ የሚያወራ ሰው እንደማይታመን ስለሚያውቁ ሙፊዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "የባሌን ሌላኛውን ጫማ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ፈልጉልኝ።" ቤተልሄም የምትባል መርማሪ መጀመሪያ ተሰላቸች፤ መዝገቡ ላይ ጫማው አንድ እግር መሆኑን ስታይ ግን ብዕሯን አስቀመጠች።

ውኃው በፓምፕ ተመጠጠ። ጭቃው ውስጥ ጫማውም የሸምሱ ሄልሜትም ተገኙ። ያኔ ኢሉ የተባለው የቀን ሠራተኛ፣ ያ ሸምሱን ከጉድጓዱ ያወጣው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ "እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ ያኔ በሕይወት ነበር" አለ። ጉድጓዱ እንዲከደን ሸምሱ ደጋግሞ መናገሩንም ጨመረ። አባይነህ እዚያው ካቴና ገባለት። በሙፊዳ ላይ ፊታቸውን ያዞሩ ዘመዶች በሯ ድረስ መጥተው "አፉ በይን" አሏት። በሩን አልከፈተችላቸውም።

ብሎኩ ግን ለተሾመች በሩን አልከፈተም። ግንባታው ታሸገ፤ ወጣቶቹ ሥራ ፈተው ደረጃው ላይ ተኮለኮሉ። ስታልፍ እግራቸውን አይሰበስቡም። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ የተቃጠለ ዘይት ተደፍቶበት አገኘችው፤ አንድ ሙሉ የዩኒፎርም ጨርቅ ተበላሽቶባታል። የብሎኩ ኮሚቴም ከደረጃው ስር እንድትነሣ ወሰነ። ምክንያቱን ስትጠይቅ ሰብሳቢው "የጋራ ቦታ ነው" አላት፤ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት የጋራ ቦታ አልነበረም?

ናፍቆት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ጃኬቱ በተለበሰበት ዕለት ማታ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በቁጣ ቀልቶ ነበር። አፏ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተሾመች የልጇን ከንፈር ዝም ብላ ተመለከተች። ናፍቆት መሃል ላይ ቆመች። ቀስ ብላ ከእናቷ ኋላ ሄደች። እዚያ ቆማ ምን እንዳለች ተሾመች እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ትንፋሿ ማጅራቷ ላይ ሲሞቃት ብቻ ተሰማት፤ አልዞረችም። ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ ሲጎተት፣ ጫማ ደረጃውን ሲወርድ፣ ከታች የታክሲ በር ሲዘጋ ሰማች። ይኼ ሁሉ ይሰማል።

አሁን ተሾመች ለቡ ነው የምትኖረው። ከሙፊዳ ጎረቤት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ መኪናዋን አስጠግና ትሰፋለች። ናፍቆት ጀሞ አንድ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ለብዙ ጊዜ አልመጣችም፤ ከዚያ አንድ እሁድ መጣች። ፊት ለፊት ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ።

"እኔን ሸጠሽ ጃኬት ገዛሽ" ብላ ጻፈች ናፍቆት።

"አንቺ ቆልፈሽ ቁልፉን ለአባይነህ ሰጠሽ" ብላ መለሰች ተሾመች።

"ልበሺው ብዬ አልነበረም! እንዳትለብሺው ብዬ ነው!"

"ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፤ አንቺ አልሰማሽውም።"

ጣታቸው እስኪደክም ተጻጻፉ። ናፍቆት አለቀሰች፤ ለቅሶዋም ለእናቷ ድምፅ አልነበረውም። ተሾመች እጇን ዘርግታ ልትነካት ስትል ገፋቻት። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ሁለቱም ከአንድ ትሪ በሉ፤ ናፍቆት ሳህኑን አጥባ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሚቀጥለው እሁድም መጣች፤ ጠቡን ካቆሙበት ቀጠሉ።