ውሻዬን በሌላ ስም የጠሩት እናት

ጥር ላይ ነው... ላንጋኖ፣ ቡናማው ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቦቢ እንዲዋኝ ሆዱን ከሥር ደግፌዋለሁ።

ቦቢ ጀርመን ሸፐርድ ነው። ግዙፍ ውሻ ነው፣ ግን አርጅቷል። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዳንዴም ከድተውት ዘፍ ይላል። አዳማ ያለ የእንስሳት ሐኪም አይቶት «ትልልቅ ውሾች ቶሎ የሚደክማቸው ዳሌያቸው ነው» አለኝ። ክብደቱን አስቀንሺው፣ ሊሾ ላይ አታስተኚው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ትንሽ ትንሽ አራምጂው አለኝ። ከተቻለ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይንቀሳቀስ፣ ውሃው ሸክሙን ያቀልለታል...

እኛም አጥንትና ትርፍራፊ መስጠት ትተን ሩዝ በጉበትና በካሮት መቀቀል ጀመርን። ባለቤቴ የሚሠራው ባቱ፣ አበባ እርሻ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳማ እሱን ለማየት ስሄድ ቦቢን ቪትስ መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ እጭነውና ሦስታችን ላንጋኖ እንዘልቃለን።

የዚያን ቀን ሐይቁ ዳር ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ከአጃቢው ራቅ ብለው አንዲት እናት ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ከውሻው ላይ አልነቀሉም። የፈሩ መስሎኝ «አይነካም እማማ፣ አይስጉ» አልኳቸው።

ዝቅ ባለ ድምፅ «መከታ...» አሉ።

ቦቢ ጆሮው ቆመ። ከእጄ አመለጠና እየተንገዳገደ ከውሃው ወጥቶ በቀጥታ ወደሳቸው ሄደ። ከቤታችን ሰው በቀር ማንም እንዲነካው የማይፈቅድ ውሻ፣ ርጥብ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠ። እሳቸው አልነኩትም። እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።

ተከትዬው ወጣሁ።

«ልጄ፣ ይሄን ውሻ ከየት አመጣሽው?»

«ገዝቼው ነው እማማ። ብዙ ዓመቱ ነው።»

«ከማን?»

ግራ ቢገባኝም የማስታውሰውን ነገርኳቸው። ሰፈራችን በሌባ ተቸግሮ ጠባቂ ውሻ ስናፈላልግ ሰው ነግሮት፣ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ አዳማ ቤታችን ድረስ ይዞት መጣ። ውሻው ያኔ ገና ጎረምሳ ነበር። ልጁ ገመዱን ካስረከበኝ በኋላ መሄድ አቅቶት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ...

«ልጁ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?» አሉኝ።

አለው። በግራ በኩል።

ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩኝ። እማማ ዘነበች ይባላሉ፣ የወለንጪቲ ሰው ናቸው። ሙሽራዋ የእህታቸው ልጅ ናት። ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው የመጨረሻ ልጃቸው ሳሙኤል ነው። አንድ ቀን ጠዋት «መከታ ጠፍቷል፣ ልፈልገው» ብሏቸው ከቤት ወጣ። በዚያው ቀረ። ስልክ የለ፣ ወሬ የለ።

«ውሻ ሊፈልግ ወጥቶ አንድ ነገር ሆነብኝ ብዬ... ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄን እንስሳ ስረግመው ኖርኩ» አሉ።

ባለቤቴም መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። እማማ ዘነበች ግን ዓይን ዓይኔን እያዩ «ሲሸጥልሽ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ሩቅ አገር ልሄድ ነው አለኝ።»

«በየት በኩል?»

«በጅቡቲ መሰለኝ... ባሕር አለው ብሎኛል።»

«ሌላስ?»

«ውሻው ሳያረጅ እመለሳለሁ፣ ያኔ መልሰሽ ትሸጪልኛለሽ አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

እጃቸው የወረደው ይሄን ጊዜ ነው። የቦቢን አፍ ዙሪያ የሸበተውን ጠጉር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አላለቀሱም።

«አርጅቷል እኮ» አሉ ብቻ።

«ይውሰዱት እማማ» አልኩ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ልጆቼ ማታ ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ ነበር የተናገርኩት።

«አይሆንም» አሉ። «ልጄ ከመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ውሻውን ወደተወበት ነው። የኔን ፊት ለማየት ያፍር ይሆናል፣ እሱን ግን ሳያይ አይቀርም። እናንተው ጋ ይቆይ። ብቻ... ደህና አድርገሽ ያዢልኝ።»

ስልክ ተለዋወጥን። የሰርጉ መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ እማማ ዘነበች ተነሱ። ቦቢ ሊከተላቸው ሞከረና እግሩ እምቢ ብሎት አሸዋው ላይ ቀረ። እሳቸው ዞር ብለው አላዩም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉልኛል። ደህንነቴን ይጠይቃሉ፣ ልጆቼን በየስማቸው ያነሳሉ። ከዚያ ወደ ውሻው ይመጡና «በላ? ተራመደ?» ይላሉ። ስለ ሳሙኤል አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም አላነሳም። ድሮ ለቦቢ ብዬ ነበር የምለፋው። አሁን ግን ዳሌውን ሳሽለት፣ አንዴ ብቻ በር ላይ ያየሁትን ልጅ አብሬያቸው የምጠብቅ ይመስለኛል።

ያለፈው እሑድ ሲደውሉ ቦቢ ከተኛበት መነሳት ካቆመ ሰንብቷል። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ የማስታገሻ መርፌ ወግቶታል፤ ሲወጣም ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነግሮኛል። እኔ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ውሃ በማንኪያ አፉ ውስጥ እጨምርለታለሁ።

«መከታ እንዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነው እማማ። አሁን በልቶ ተኛ።»

«ተመስገን» አሉ።

የሚመጣው እሑድ ሲደውሉ ምን እንደምላቸው... እኔንጃ።